የልጄ ክፍል በኮምፒውተሬ ውስጥ

እኛ ሰዎች አጥር እንወዳለን። የኛን ሰፈር፣ ኮልፌን፣ ብታዩ ይገባችኋል፤ በአንድ ግቢ ሦስት ቤት፣ በአንዱ ቤት አራት በር፣ በአንዲት ክፍል መሃል ደግሞ ኮምፔርሳቶ ገትረን ወዲህ «ሳሎን»፣ ወዲያ «መኝታ ቤት» እንላለን። ማጠሩን ማን ይችለናል! ጭንቁ ማፍረሱ ላይ ነው።

ልጄ መስከረም እቤት ሳለች የኮምፒውተሬንም ፋይል ማስቀመጫ እንዲሁ ለሦስት ሸንሽናው ነበር። ሲ የማሽኑ፣ ዲ የሷ፣ ኢ የኔ። «አባዬ፣ ዲን እንዳትነካብኝ!» አለች፤ እኔም እንደ ደህና ጎረቤት ሳልነካ ኖርኩ። ከዚያ አግብታ አስኮ ገባች። አስኮ ሩቅ አይደለም፣ ሁለት ታክሲ ነው። ግን ሥራ አለ፣ ቤት አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ የምትመጣው ለበዓል ብቻ ሆነ። ምን ልደብቃችሁ፣ ከፍቶኛል። «ናፈቅሽኝ» ማለት ደግሞ እንደኔ ላለ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከአፍ አይወጣም። እደውልና «ሰላም ናችሁ? በይ ደህና ዋይ» ብዬ እዘጋለሁ።

ሰሞኑን ሲ ሞልቶ ማሽኑ ይንቀራፈፍ ጀመር። አንጠልጥዬው አየር ጤና፣ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። «የኔን ኢ አጥፋና ቦታውን ለሲ ስጠው» አልኩት ቴክኒሻኑን፤ ቸር መሆኔ ነው።

«አይሆንም ጋሼ። ሲ መስፋት የሚችለው አጠገቡ ወዳለው ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ዲ ነው፤ እሱን ላጥፋልዎ?»

ለካስ ኮምፒውተርም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ባይ ኖሯል! «ላጥፋልዎ» ሲለኝ ግን የልጄን መኝታ ቤት አፍርሼ የከሰል ማስቀመጫ የማደርገው መሰለኝ።

«ቆይማ፣ መጀመሪያ ውስጡን እንየው።»

ባዶ ነው። ሁሉንም ጠራርጋ ወስዳለች። «ለአባዬ» የምትል አንዲት ፋይል ብቻ ቀርታለች። ከፈትናት።

«አባዬ፣ ቦታ ሲጠብብህ ዲን አጥፋው፤ የኔን ወስጃለሁ። ካቃተህ ደውልልኝ፣ እመጣለሁ።»

ሁለቴ አነበብኩት።

«ዝጋው ልጄ» አልኩት ቴክኒሻኑን።

«ኧረ ገና አልነካሁትም ጋሼ!»

«እሱማ ነው። እንዳትነካው።»

ማሽኑን ታቅፌ ፌርማታው ጋ እንደደረስኩ ደወልኩላት። «መስኪ፣ ዲን ማጥፋት አቃተኝ።» ውሸት አይደለም፤ ያቃተኝ በሌላ በኩል መሆኑን ብቻ አልነገርኳትም።

እሁድ መጣች። ቴክኒሻኑ ስሜን ጽፎ ክዳኑ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር አየችው፤ ጥገና ቤት መሄዴ ገባት መሰለኝ፣ ላጥ አድርጋ ጣለችውና ማሽኑን አበራች። ዲን አጥፍታ ሲን ለማስፋት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ምሳ በላን፣ ስለ ቤቷ አወራችኝ፣ ሳቅን፣ ሳናውቀው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

አሁን ሲ ሜዳ ሆኗል፣ ማሽኑም ይበራል። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ መጣ፤ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ልጅ በምን ሰበብ ትጠራለች? ማክሰኞ ደወልኩ።

«መስኪ፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ።»

«አባዬ፣ ፕሪንተር አለህ እንዴ?»

«ልገዛ ነው።»