የእትዬ አስካለ ቅቤ በድምፅ ብልጫ

ለሚያውቅ ሰው ነገር መተው ለብዙዎቻችን አይሆንልንም። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አራት ጎረቤት ያማክራል። አራቱም መድኃኒት ያዝዙለታል፣ አራቱንም ይሞክራል፤ ሐኪሙ አምስተኛ አማካሪ ሆኖ ሲመጣ የሚያክመው ጥርስ አያገኝም። አልስቅበትም፤ እኔም እንዲሁ ነኝ፤ እናንተም ሰው ሳይሰማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የአገር ጉዳይ ለዐዋቂ ይተው ወይስ ሁሉም እጁን ያውጣበት የሚለውን ክርክር፣ መጽሐፍ ያገላበጡ ሰዎች እስከ ዛሬ አልጨረሱትም ይባላል። እኛ በደርግ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት ጨርሰነዋል። የጨረስነው ግን ክርክሩን ብቻ አልነበረም።

የቀበሌያችን አዳራሽ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ቢሆንም ከስብሰባ የሚቀር የለም፤ የቀረ ሰው የስኳር ተራው ሲደርስ ስሙ ከመዝገብ ላይ ይጠፋበታላ። እኔ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደርጌ ነበር። ይህችን ሹመት በጣም እወዳት ነበር፤ ሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ሲቀመጥ እኔ ከሊቀመንበሩ ጎን ጠረጴዛ ነበረኝ።

የዚያን እሑድ አጀንዳ የእትዬ አስካለ ቅቤ ነበር። እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ቅቤ ተራ መደብ ይዘው፣ ከጉራጌ አገር ዘመዶቻቸው በኮባ ጠቅልለው የሚልኩላቸውን ቅቤ እየሸጡ አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ሙዝ ለውሰው ይሸጣሉ ብሎ ጠቆመ። የዋጋ ቁጥጥር ኮሚቴው ሦስት ኪሎ የሚሆን ቅቤያቸውን ከነኮባው ነጥቆ አመጣና ጉባኤው ይፍረድ አለ። ጥፋተኛ ከተባሉ መደባቸው ለሌላ ይሰጣል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቅቤው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ራስጌ ቆመው ነበር።

መጀመሪያ የተጠሩት ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ጋሼ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቅቤ ተራ ሠላሳ ዓመት የኖሩት በአፍንጫቸው ነው። ሻጭና ገዢ ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ። ጥፍር ጫፍ የምታህል ቅቤ ያነሳሉ፣ የእጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቧታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ፤ ከዚያ በኋላ ላሚቱ ምን ስትበላ እንደከረመች ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ያን ቀንም እንዲሁ አደረጉ።

"መካከለኛ ቅቤ ነው" አሉ። "ለጋ ነው ብላ ከሸጠችው ዋሽታለች። ሙዝ ግን የለበትም፤ ሞራም የለበትም።" ብለውም ተቀመጡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም የምነግራችሁ አይኖረኝም ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ታደለ ግን ተነሳ። ከአብዮቱ በፊት ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር፤ በጃንጥላ ጉዳይ ደግሞ ማንም እንዲመክረው አይፈልግም። "ጋሼ እንድሪስን እናከብራለን" አለ። "ነገር ግን የአንድ ግለሰብ አፍንጫ ከሰፊው ሕዝብ አፍንጫ ሊበልጥ አይችልም።" ተጨበጨበ። እኔም እስክሪብቶዬን በጥርሴ ይዤ አጨበጨብኩ።

"እንግዲህ ቅቤው ንጹሕ ነው የምትሉ እጃችሁን..." ብሎ ሳይጨርስ አንድ ጫማ ሰፊ ከኋላ ብድግ አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳናሸት እንዴት እጅ እናወጣለን? የሰው እንጀራ እኮ ነው። ነገ እግዜር ቢጠይቀን ምን እንላለን?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባሳለፍኳቸው እሑዶች ሁሉ ይህን የመሰለ ቁም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጉዳቱ የጀመረውም ከዚህ ቁም ነገር ነው።

ሰልፍ ተያዘ። መርካቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቅቤ ለማሽተት በጣት ይነካል፣ ጣት ላይ የቀረውን ደግሞ ጨርቅ ላይ መጥረግ ነውር ነው። ቦታው ራስ ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን ገለጥ እያደረጉ ሹሩባቸው መሐል፣ ወንዶቹም ለራስ ምታት ደግ ነው እያሉ አናታቸው ላይ አደረጉት። የመጀመሪያዎቹ ጥፍር ጫፍ ያህል ብቻ ነበር የነኩት። ቀጥለው የመጡት፣ የሕዝብ አደራ በጥፍር ጫፍ አይወጣም ብለው ነው መሰለኝ፣ በሁለት ጣት ዛቁ። አንዲት ሴት "አላረጋገጥኩም" ብለው ከሰልፉ ጭራ እንደገና ገቡ። አንዱ ቅቤ የሚታወቀው በዳቦ ነው አለና ከኪሱ ዳቦ አወጣ። ይህን ያህል ሕዝብ ዳቦ በኪሱ ይዞ ስብሰባ እንደሚመጣ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ እንድሪስ ከተቀመጡበት "ኧረ ሰዎች፣ ጥፍር ጫፍ ይበቃል" አሉ። ማንም አልሰማቸውም። እትዬ አስካለ ግን ወደ ቅቤው የሚመጣውን ጣት ሁሉ፣ ቀጥሎም የጣቱን ባለቤት ፊት፣ አንድ በአንድ ያዩ ነበር። እኔንም አዩኝ። አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰልፌአለሁ፤ አንዴ እንደ ነዋሪ፣ አንዴ እንደ ጸሐፊ።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ንጹሕ ነው፤ በሙሉ ድምፅ። እትዬ አስካለ አንዴ እልል አሉ፣ እንባቸውም መጣ። መደባቸው ተረፈ።

"ቅቤዎን ይረከቡ" አለ ጓድ ታደለ።

ኮባውን አነሱት። ገለበጡት። በሌላው በኩልም አዩት። ከዚያ ቀና ብለው በቆርቆሮው ሙቀት ቅቤው ግንባሩ ላይ የሚወርድበትን ጉባኤ ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅቤዬስ አልጠፋም፤ ይኸው እያየሁት ነው። ከየትኛው ራስ ልጀምር?"

ጓድ ታደለ ግን በስብሰባ መሐል መልስ የሚጠፋው ሰው አልነበረም። "ቅቤው ለባለቤቷ ይመለስ የምትሉ?" አለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ያን ያህል የሚያብረቀርቅ ጣት በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ያላወጡት ጋሼ እንድሪስ ብቻ ነበሩ።

"ይቃወማሉ?" ተባሉ።

"አልቃወምም። የሚመለስ ነገር አላየሁም።"

በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አስካለ ባዶውን ኮባ አጣጥፈው፣ በብብታቸው ይዘው ወጡ። ስብሰባው በመፈክር ተዘጋ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ባለቤቴ ቅቤ ግዛ ብላ ላከችኝ። ከእትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ፤ ያ ነገር ያሳፍረኝ ስለነበር በዋጋ ሳልከራከር ልግዛቸው ብዬ ነው። በልማድ ጣቴን ስዘረጋ እጄን ቀስ ብለው መለሱት።

"አንተ የኔን ቅቤ ታውቀዋለህ" አሉኝ። "ሁለት ጊዜ አሽትተሃል።"

የጠየቁኝን ከፍዬ ሄድኩ። ቤት ሲነጠር ግን ቅቤው ከድስቱ ሥር ተጣበቀ። ሳይነጠር ከቀረው ቆርሼ ይዤ ወደ ጋሼ እንድሪስ ሮጥኩ። ቀቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አሸተቱ።

"ሙዝ" አሉ።

"እትዬ አስካለ? ለቀበሌ አመለክታለሁ።"

"ምን ብለህ? ሕዝብ ንጹሕ ነው ብሏል። የጻፍከውም አንተ ነህ።" ሳቅ አሉ። "ደግሞ ለሁሉም አታደርገውም። ለሌላው የምትሸጠው ያንኑ ደህናውን ነው። ሙዝ ያለበትን እያሳዩኝ ያሉት ያን እሑድ አዳራሽ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ ከየራሳችሁ እየሰበሰበች ነው።"

እጃቸውን እንደገና አሸተቱ።

"ያንተ ግን ከሌሎቹ እጥፍ ነው" አሉኝ።

ቅቤዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ። ለባለቤቴ መካከለኛ ነው አልኳት።