ዘንግ ቀማኛው ዓብዩ

በዚህ በአሜሪካ አገር ካሉ አስቸጋሪ ሰዎች ሁሉ እንደ ረዳት የሚያስቸግር የለም። ሰነፍ ቢበዛ አያግዝም፤ ክፉ ቢበዛ ይሸሹታል። ረዳት ግን ፈገግ ብሎ ይመጣና በእጅዎ ያለውን ይወስዳል፤ ከዚያ እርስዎ ማመስገን ይኖርብዎታል። ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ አንድ ረዳት የሌለው እድር፣ አንድ ረዳት የሌለው ቤተ ክርስቲያን አይገኝም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ክቡር ረዳት ዓብዩ ይባላል።

ወይዘሮ ትብለጥ ይህን ሁሉ የሚያስቡት በሆዳቸው ነው። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቁታል። ዓብዩ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ሃምሳውን ያለፈ፣ ትከሻው የሰፋ፣ የአንድ ፓርኪንግ ሥራ አስኪያጅ ነው። "ግድ የለም፣ እኔ አለሁ" ማለት ይወዳል። ይህን ሲል አንድ ነገር ከሰው እጅ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ሴቨን ኮርነርስ ገበያ የወሰዳቸው ዕለት፣ እየዳሰሱ አንድ በአንድ የመረጡትን ቲማቲም መልሶ ደፍቶ የተሻለ መረጠላቸው። የተሻለው በማግስቱ ውሃ ሆነ። የሹራብ ክራቸውን ተበትኖ አይቶ ጠቀለለላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቋጠሮ ሲፈቱ ከረሙ። ይህስ ይሁን። ለባለቤታቸው ሙት ዓመት ሊያበሩት የያዙትን ጧፍ ከእጃቸው ተቀብሎ፣ አብርቶ፣ ተክሎ፣ ተሳልሞ ተመለሰ። ወይዘሮ ትብለጥ ባዶ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ጸሎቱ በማን ስም እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አያውቁም።

እንቢ እንዳይሉት እንቢ አይባልም። ታላቅ ሰው የያዘውን ታናሽ ተቀብሎ ይይዛል፤ እሳቸውም ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንዲሁ ነው። ደንቡን ራሳቸው ሲያስተምሩ ኖረው ዛሬ "እጄን ልቀቁልኝ" ቢሉ ማን ይሰማቸዋል?

የዓሣው ነገር ግን ከአንጀታቸው አልወጣ አለ።

በዚህ ሰመር ዓብዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ይወስዳቸው ነበር። ባሕሩ ውስጥ ገባ ያለ ዝቅተኛ የእንጨት መድረክ አለ፤ ሰው ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ያጠምድበታል። መጀመሪያ የሄዱት ነፋስ ለመቀበል ነው። ኋላ ወደዱት። ማባበያውን ሽሪምፕ ከጭራው በኩል መንጠቆ ላይ መሰካት፣ ክሩን በምራቅ አርጥቦ ቋጠሮውን ማጥበቅ፣ ጣትን ክሩ ላይ አሳርፎ ከታች የሚመጣውን መጠበቅ፤ ሥራው ልካቸው ነበር። ክሩ ጠቅ ጠቅ ሲል ልባቸውም አብሮ ይመታል። ልክ ያኔ ከኋላቸው ድምፅ ይመጣል።

"ይስጡኝ እማማ፣ ይስጡኝ፣ ያመልጣል።"

የማጥመጃው ዘንግ ከእጃቸው ይሄዳል። ዓብዩ ይስባል፣ ያወጣል፣ መንጠቆውን ይነቅላል፤ ከዚያ ዓሣውን እሳቸው እጅ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳል። ፎቶውን በእሳቸው ስልክ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው ልጃቸው ለሩሃማ ይልካል፤ ሩሃማም "ዋው ማሚ" ብላ ትመልሳለች። ስልካቸው በዋው ተሞላ። ከዚያ ሁሉ ዓሣ አንዱንም የያዙት እሳቸው አይደሉም። ለጎረቤት እንኳ ዋሽተው የማያውቁትን ሴት ዓብዩ ለገዛ ልጃቸው አስዋሻቸው። ሰመሩ ሳያልቅ አንድ ዓሣ፣ አንድ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃቸው ሊያወጡ ተመኙ። ይህ ብዙ ነው?

የመጨረሻው ቅዳሜ ዓብዩ ስቲንግሬይ ስለሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያስተምር አረፈደ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ባሕር መጀመሪያ ያየው በአውሮፕላን መስኮት ነው፤ ግን ያውቃል።

"ውሃው ሲሞቅ በመንጋ ይገባሉ። የክንፋቸው ጫፍ ውሃው ላይ ብቅ ሲል ሻርክ ይመስላሉ። ጭራቸው ሥር መርዘኛ እሾህ አለ። እማማ፣ እሱ ከመጣ ለኔ ይተዉልኝ፤ የእርስዎ አይደለም።"

"የኔ አይደለም?" አሉ ወይዘሮ ትብለጥ።

"ጉልበት ይፈልጋል።"

"ጉልበትማ ከየት ይመጣል" አሉና ሽሪምፓቸውን ሰኩ።

ትንሽ ቆይቶ ዘንጉ ጎበጠ። ጠቅ ጠቅ አላለም፤ አንድ ሰው ከታች ጨብጦ የሚጎትት ይመስል ነበር። ክሩ እየጮኸ ከመጠቅለያው ወጣ።

"ስቲንግሬይ ነው። ይስጡኝ እማማ።" እጁ ዘንጉ ላይ አረፈ።

"ተወኝ" አሉ።

ዓብዩ አልሰማም። ከእሳቸው አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ስለሆነ አላወቀውም። "ይዞዎት ይገባል እኮ፤ እሾህ…"

"ዓብዩ፣ ጧፌን ወሰድክ። ቲማቲሜን ደፋህ። ይሄን አልሰጥህም።"

እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው አነሳ። "የምን ጧፍ?" አለ። ስቲንግሬዩ ወደ መድረኩ ምሰሶ እየገሰገሰ ነበር። ወይዘሮ ትብለጥ የዘንጉን እጀታ ሆዳቸው ላይ ተክለው፣ ሲጎትት ለቀቁለት፣ ሲደክም ጠቀለሉ። ሰመሩን ሙሉ ባዶ እጃቸውን ቆመው ሌላ ሰው ሲያደርገው አይተዋልና ይችሉበታል። ክንዳቸው ዛለ። አንዴ በኃይል ሲስባቸው ሸራ ጫማቸው እርጥቡ ጣውላ ላይ ተንሸራተተ፤ ደረታቸው ከመድረኩ የእንጨት አጥር ጋር ተላተመ።

"ዓብዩ" አሉ ሳይዞሩ፣ "ያዘኝ። ዘንጉን አይደለም፤ እኔን።"

ያዛቸው። ወገባቸውን መያዝ አፍሮ የሹራባቸውን ጀርባ በሁለት እጁ ጨበጠ። ምክር ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ይሰማቸዋል፤ መልሶ ሲዘጋውም። ያ ሰው ዝም ለማለት ያወጣው ጉልበት እሳቸው ለመሳብ ካወጡት ሳይበልጥ አልቀረም።

በመጨረሻ ብቅ አለ። ቡናማ ነው፤ የሰፌድ ያህል ይሰፋል።

"የማውጫውን መረብ ላውርድ?" አለ ዓብዩ።

ጠየቀ። ወይዘሮ ትብለጥ ልክ መስማታቸውን ተጠራጠሩ። "አውርድ" አሉት።

ጣውላው ላይ ሲገለበጥ ነጭ ሆዱ ላይ ያለችው አፍ ሳቂታ ትመስላለች። ዓብዩ በእሾሁ በኩል መረቡን ተጭኖ ያዘ፤ እሳቸው በፒንሳ መንጠቆውን ነቀሉ።

"ፎቶ ላንሳዎት?"

"አያስፈልግም።"

"ሩሃማ በምን ታምናለች?"

"ባታምንስ። የያዝኩት እኔ ነኝ። መልሰው።"

ውሃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ክንፉን መታና ሄደ።

አጠገባቸው ሲያጠምድ የቆየ ነጭ ጢም ያለው አሜሪካዊ አጨበጨበላቸው። በእንግሊዝኛ ጥሩ አወጣሽው አላቸውና፣ ወደ ዓብዩ እያመለከተ፣ ልጅሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ትብለጥ ዞር ብለው አዩት። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሁለት እጁን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቆሟል። "ኖ" ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰመሩን ሙሉ እንዲህ ያለ ልጅ ስላልሰጣቸው እግዜርን ሲያመሰግኑ ነው የከረሙት።

"የስ" አሉ። "ማይ…"

"ሰን" አለ ዓብዩ ቀደም ብሎ። "ኦልደስት ሰን።"

"ልጄ" የምትለዋን አንዲት ቃል እንኳ በገዛ አፋቸው እንዲጨርሷት አልተዋቸውም። ወይዘሮ ትብለጥ ደማቸው ፈላ። ግን አላረሙትም።