የእረፍት ዕቅድ አፈጻጸም

ሰው ሁሉ እረፍት ያምረዋል፤ ሌላው ሲያርፍ ማየት ግን አይወድም። ካላመናችሁኝ ጂንካ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ በራችሁ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ሦስት ሰው አሞህ ነው ወይ ይላችኋል፣ አራተኛው ሥራ ይዞላችሁ ይመጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት በደም ግፊቴ ሰበብ ነው። ዕድሜዬን ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ ሲስተር አበበች ክንዴን ጠፍራ ለካችና ፊቷ ጠቆረ። ጭንቀት ይቀንሱ፣ ይረፉ፣ በወሩ መጨረሻ ካልወረደ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ይጀምራሉ አለችኝ። ዕድሜ ልክ የሚባለው ፍርድ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

ዮጋ ያዘዘችልኝ አርባ ምንጭ የምትማረው ልጄ ምሕረት ናት። መዝለል የለ፣ መጠማዘዝ የለ። በጀርባ መጋደም፣ ከጉልበት ሥር ትራስ፣ ከግራና ከቀኝ ትራስ፣ ዓይን ላይ ጨርቅ፣ ከዚያ ምንም አለማድረግ። የሚያሳርፍ ዮጋ ይሉታል አለችኝ። ባለቤቴ ጸሎተኛ ስለሆነች የባዕድ አምልኮ እንዳይሆን ሰግታ አጥብቃ ጠየቀች። ነገሩ ሲገባት ግን፣ ይኼማ እሁድ እሁድ ስብከት ላይ የምታደርገው ነው ብላ ተወችኝ።

ቤታችን እንግዳ አይጠፋውም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ቢሮዬን ዘግቼ፣ የድሮ ፋይሎች ከጉልበቴ ሥር ከምሬ ተጋደምኩ። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ በሩን ከፈተው። ወጣት ነው፣ ሥልጠና ይወዳል። ሁሉን ነገርኩት። ይቆጣኛል ስል ዓይኑ በራ። ይህ እኮ ሊስፋፋ የሚገባው ተሞክሮ ነው አለኝ።

በማግስቱ የሚያሳርፍ ዮጋ ዕቅድ ውስጥ ገባ፤ እኔም ፎካል ፐርሰን፣ ማለትም የጉዳዩ ተጠሪ፣ ሆንኩ። ሠራተኛው ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ ይጋደማል፤ እኔ ቼክሊስት ይዤ በመሃላቸው እዞራለሁ። ማን ዓይኑን ገለጠ? ማን ስልኩን ነካ? አርብ አርብ ደግሞ ግምገማ አለ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በእረፍት ላይ ቁርጠኝነት ይጎድላታል ተብላ ሂስ ቀረበባት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲያርፍ ያላረፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዲመካ ላሉት ባልደረቦች አሳይተህ ና ተባልኩ። የቢሮው መኪና ጋራዥ ስለገባ በሚኒባስ ሄድኩ። አስረድቼ፣ ተከራክሬ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሜ ስመለስ የገበያ ቀን ነበርና ሦስት ሰው በሚይዘው የኋላ ወንበር አምስት ሆንን። ረዳቱ ከጉልበቴ ሥር የማሽላ ጆንያ ወሸቀብኝ። በግራዬ አንድ ነጋዴ፣ በቀኜ ጠና ያሉ የሐመር እናት ጥግ ሆኑኝ። ፀሐዩ ሲያስቸግረኝ ፎጣዬን ዓይኔ ላይ ጣልኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። መነሳት አይቻል፣ መዞር አይቻል፣ መገምገም አይቻል። አንገቴ ሲወድቅ ያዩት እናት ትከሻቸውን አስጠጉልኝ።

"ተኛ አንተ። እኔ ይዤሃለሁ።"

ጂንካ ስንደርስ የቀሰቀሰኝ ረዳቱ ነው። በቀጥታ ክሊኒክ ገባሁ። ሲስተር አበበች አላመነችም፤ ሁለቴ ለካችኝ። ግፊቴ ወርዷል። መድኃኒቱ ይቅር፣ ያደረጉትን ብቻ አያቋርጡ፣ በየወሩ እየመጡ ይለኩ አለችኝ። ባላፍር ኖሮ እዚያው አቅፋት ነበር።

ጥፋቴ ይህን ለአለቃዬ መናገሬ ነው። ወዲያው የዕቅዱ ውጤት ብሎ ከነደም ግፊቴ ሪፖርት ላይ አሰፈረኝ። ቀጥሎ ኦሞራቴ ሄደህ ታስፋፋለህ ሲለኝ ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ኦሞራቴ ሩቅ ነው፤ በሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚያስተኛ አስቡት! አለቃዬ ታዛዥነቴ አንጀቱን በልቶት ትከሻዬን ያዘኝ።

"ከእንግዲህ በሚኒባስ አትንገላታም ጋሼ። መኪናው ከጋራዥ ወጥቷል። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሪፖርቱን መንገድ ላይ እየተወያየን እንጨርሳለን።"

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት አመራሁ።