ሌማር ክሮስ አልሞተም የሚሉት ጎረቤቴ

ሞቶ የተቀበረን ሰው እንኳ እረፍት የሚነሳ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። «አልሞተም!» ባይ ነው። እዚህ ዲትሮይት፣ በኛ መንገድ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ሚስ ኦርኔታ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም። «ቁጭ በል!» ካሉ ፓስተሩም ይቀመጣል።

ዘፋኙ ሌማር ክሮስ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀብሩን አብረን በቴሌቪዥን አየን። እኔ ስነፋረቅ እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሬሳ ሳጥኑ ቀስረው፣ «ተሸካሚዎቹን እያቸው! አንዱን እንኳ አላላበውም። ባዶ ነው!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌማር ያልታየበት ቦታ የለም። ነዳጅ ማደያ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ከኋላ ወንበር። «ኧረ ሞቷል» ስላቸው፣ «ሬሳውን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?» ይሉኛል። ምን ልበል? አላጠብኩ።

ታዲያ ዘንድሮ የሙዚቃ ኩባንያው የሌማርን አስፈሪ አስፈሪ ዘፈኖች ለቃቅሞ ልጆች አስፈሪ ለብሰው ከረሜላ ለሚለምኑበት ለሃሎዊን በዓል አንድ ሸክላ አወጣ፤ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ። ሚስ ኦርኔታ በመጀመሪያው ቀን ገዙ። በቃ፣ ሰፈሩ ሊደነቁር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጭጭ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭጭ! ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ሴትዮዋ ግን እየከሱ ሄዱ።

የሃሎዊን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ሰፈሩ አጽምና ጠንቋይ በሆኑ ሕፃናት ተሞልቷል። አንዱ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሚስ ኦርኔታ ሳያዩት ከረሜላ ዘገኑለት። ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

«ምን ሆነዋል?»

«ፈራሁ።»

ከሳቸው አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሽጉጥ ይዞ አውቶቡሳቸው ላይ የወጣን ሌባ «ከመስመሩ ጀርባ ቁም!» ብለው ያስቆሙ ሴትዮ እኮ ናቸው።

«የድሮ ዘፈኑን በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አንዱን ግን፣ የፊተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ አዲስ ነው ብለው ሽፋኑ ላይ ጽፈዋል። በሕይወት ያለ ሰው አዲስ ትንፋሽ ይተነፍሳል። አንዲት አዲስ ትንፋሽ ካለች፣ እሱም አለ። ከሌለች ግን…»

መጋረጃውን ዘጋሁና ላስቲኩን ቀድጄ የማጫወቻውን መርፌ በዚያው ዘፈን ላይ አሳረፍኩት።

አረንጓዴው ይሽከረከራል። በር ሲጢጥ አለ፣ ተኩላ አላዘነ፣ ከዚያ የሙቱ የሌማር ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ። ጸጉሬ ቆመ። ሚስ ኦርኔታ የእጄን አንጓ እንደ አውቶቡስ መሪ ጨብጠዋል።

«ይሄ ከመጀመሪያው አልበሙ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ቀጠለ።

«ይቺ ሳቅ የባቡሩ ዘፈን ላይ ያለችው ናት… ይቺ 'እህህ' ደግሞ ጉንፋን ይዞት የቀዳት።»

አምስት የድሮ ዘፈን ቆራርጠው ሰፍተውታል! አንድ ቁራጭ ባወቁ ቁጥር የጨበጠኝ እጃቸው ይላላል። ዘፈኑ ሲያልቅ እጄን ለቀቁኝ።

«ሞቷል ለካ» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኳት ቃል! እጨፍራለሁ ስል በረደኝ። ውጭ ልጆቹ «ከረሜላ! ከረሜላ!» እያሉ በሩን ይደበድባሉ፤ ሚስ ኦርኔታ ንቅንቅ የለም። በዚያ አረንጓዴ ብርሃን ፊታቸው የሬሳ መሰለኝ። ኋላ እሳቸውንም ልቀብር ነው እንዴ? ዘልዬ ተነሳሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልገለብጠው ነዋ!»

«በዚያኛው በኩል ያለው ሁሉ የድሮ ነው። ተጽፏል፣ ልጄ።»

«ይጻፋ! የተደበቀ ሰው አድራሻውን ጽፎ ይደበቃል እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል።»

«ዝም ይበሉና ያድምጡ!»

መርፌውን አስቀመጥኩ። በልቤ እለምናለሁ፦ ሌማር፣ የኔ ወንድም፣ እባክህ አንዲት አዲስ ሳል ሳልልን።