የእንግሊዙ «ቢኖረኝ» እና የአያ ውብነህ በቅሎ

እንግሊዞች ለማይሆን ነገር ትልቅ ክብር አላቸው። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን በአንድ ተረት የዘጋነውን ጉዳይ እነሱ በሰዋስው መጽሐፋቸው ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተው፣ በሦስት ደረጃ ከፍለው ያስተምሩታል። አንደኛው ሊሆን የሚችለው ነው፤ «ከዘነበ እቀራለሁ» እንደ ማለት። ሁለተኛው የማይሆነው ነው፤ «ክንፍ ቢኖረኝ እበር ነበር»። ሦስተኛው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ «ቀደም ብዬ ብነሣ ኖሮ እደርስ ነበር»። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን እንደ ጨረስን ጣሊያን ገባ፤ መምህሩ ወዴት እንደ ሄደ ሳይታወቅ እኔም ወደ ጎጃም ተመለስኩ። ሦስተኛውን ኑሮ አስተማረኝ።

በእኛ አገር ሙግት ግን «ቢ» ያለ ሰው ተወራረደ ማለት ነው። «እንዲህ ባይሆን ይህን ልጣ» ይላል፣ ዋስ ይጠራል፣ ዳኛውም ነገሩ መሆን አለመሆኑን ሄዶ በዓይኑ ያያል። ፈረንጅ በትሕትና በር የሚዘጋበትን ቃል እኛ በር ለመክፈት እንጠቀምበታለን። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያሰበበት ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሊለቅ ሲቃረብ፣ በይጁቤ በኩል ከሰፈርነው አርበኞች ዘንድ አንድ የእንግሊዝ መኮንን መጣ። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ሬዲዮውን የምትሸከመው በቅሎ ለግጦሽ ተለቃ ሳለ ገደል ስለ ገባችበት፣ ወታደሮቹ ከመስክ ያገኟትን የአያ ውብነህን ቀላ ያለች መጋላ በቅሎ ወሰዱ። አያ ውብነህ ጣሊያንን ሲዋጋ ጉልበቱን በጥይት የተመታ ገበሬ ነው። ስለ ሕመሙ የሰማሁትን ትቼ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ከቤቱ ደጃፍ እስከ አጥሩ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ያለ በቅሎ እርሻም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም የለውም።

አራት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ገና ሳያወርዱት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ፤ መኮንኑም ሰው ሲቆም አይቶ ቆመ።

«ጌታው፣ አንዱን እግሬን ጣሊያን ወሰደው፤ ሌላውን እርስዎ ወሰዱት። ጣሊያኑስ ጠላቴ ነው፤ እርስዎ ምኔ ነዎት?»

ተረጎምኩለት። መኮንኑ ባርኔጣውን አወለቀና ከልቡ አዝኖ «ሌላ የጭነት ከብት ቢኖረኝ ያንተን አሁኑኑ እመልስልህ ነበር» አለ። ሁለተኛው ዓይነት፣ አንድ እንከን የሌለበት። እኔም አንዲት ፊደል ሳልጥል አቀረብኩት።

ግራዝማች በላቸው የአገሩ ዳኛ ነበሩ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ችሎት ስላልተቀመጡ ሙግት ርቧቸዋል።

«ምን አለ? ቢኖረኝ አለ? በሕዝብ ፊት?»

«አዎ ጌታዬ፣ ነገር ግን…»

«ነገር ግን የለም! ውብነህ፣ ትወራረዳለህ?»

«አለው ብዬ እወራረዳለሁ! ባይኖረው በቅሎዬ ትቅርብኝ!»

«ዋስ ጥራ!»

አራቱ ተሸካሚዎች በአንድ አፍ «እኛ አለን!» አሉ።

ተራው የመኮንኑ ሆነ። በስሙ የሚቆምለት ሰው እንዲጠራ ነገርኩት። ጥቂት አስቦ የእንግሊዙን ንጉሥ ጠራ። ግራዝማች ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ንጉሡስ ክቡር ናቸው። ግን በቀጠሮ ባይቀርቡ ማን ሄዶ ያመጣቸዋል?»

ዋስ ያጣ ተሟጋች በቁራኛ ይታሰራል። የአያ ውብነህ ጋቢ ጫፍ ከመኮንኑ ቀበቶ ጋር ተቋጠረ። መኮንኑ ሽልማት መስሎት ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። «ምነው ብታስረዳው ኖሮ» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ሦስተኛው ዓይነት ነው።

ችሎቱ ሊመረምር ተነሣ። ፊት ግራዝማች፣ ቀጥሎ ቃሬዛው፣ ከቃሬዛው ጎን የተቋጠረው እንግሊዝ፣ ከኋላ ሕዝቡ። ከመኮንኑ ድንኳን ጀርባ አንዲት የሰባች በቅሎ ገብስ ትበላለች።

«ይህችስ የማን ናት?» አሉ ግራዝማች።

«የእኔ መቀመጫ ናት» አለ መኮንኑ።

«ጭነት አትችልም?»

ሰውየው ሐቀኛ ነበር። «ብትጫን ትችላለች» አለ።

ሕዝቡ እልል አለ። ግራዝማችም «ቢኖረኝ አለ፤ አለው። እመልስ ነበር አለ፤ ይመልስ!» ብለው ፈረዱ። መኮንኑ ዙሪያውን የቆሙትን አርበኞች አየ። ያለ እነሱ ደብረ ማርቆስ እንደማይደርስ ያውቃል። ሬዲዮው በራሱ በቅሎ ላይ እንዲጫን በእጁ ምልክት ሰጠ።

በማግስቱ ጧት ዳገት ላይ ሳለን አያ ውብነህ በመጋላዋ ተቀምጦ ደረሰብን፤ ገበያ መሄዱ ነው። እግረኛውን መኮንን ሲያይ ከልቡ አዘነለት። «ጌታው፣ ዳገቱ ከበረታብዎ ጭራዋን ይያዙ። አትራገጥም።»

ተረጎምኩለት፤ ያዘ። አናቱ ላይ ስንደርስ መኮንኑ እያለከለከ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ እኔን ብትሆን ኖሮ ትናንት ምን ትል ነበር?»

«አልሰጥም» አልኩት።

አልሰጥም ያለ ሰው በእኛ አገር ይጠላል፣ ይረገማል፣ ሲያልፍም ሰላም አይባልም። ግን በቅሎ ላይ ሆኖ ነው የሚያልፈው።