አሰብ ላይ ሱፍ ለብሶ ሚዜ መሆን

እናንተዬ፣ ዛሬ በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝ!

ልጄ ዛንዚባር ልትዳር ነው። ለእንግዶች የጉዞ ምክር የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እኔ ሆዬ ዘልዬ ገባሁ። ታናሽ እህቴ ወዲያው ጻፈች፦ «እሱ? አሰብ ላይ ሱፍ የለበሰው?»

ግሩፑ በሳቅ ኢሞጂ ተሞላ። የወደፊቱ አማቼ ሳይቀር።

እንግዲህ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጓደኛዬ ግርማ በአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ቴክኒሻን ነበር። ሊያገባ ሲል ሚዜ አደረገኝና በስልክ አስጠነቀቀኝ፦ «ስማ፣ ሱፍ እንዳታመጣ! ስስ ሸሚዝ ይበቃሃል። እዚህ ዓሣው ራሱ ባሕር ውስጥ ይቀቀላል።»

እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሚዜ ያለ ሙሉ ልብስ? አይደረግም!

ጥቁር ሱፍ አሰፋሁ። ኮቱ ደማቅ ቀይ ገበር ነበረው። ልብስ ሰፊው «ገበሩ ያምራል» አለኝ። ቀለሙ አይለቅም ግን አላለኝም።

አሰብ ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ሰው የምድጃ በር የከፈተብኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ።

ማንም የለም። አየሩ ነው።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሠርጉ በቀትር ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በስስ ሸሚዝና በሽርጥ ተንፈላሷል። ሙሽራው ግርማ እንኳ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎታል።

«አውልቀው» አለኝ።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

ደህና አልነበርኩም።

ኬኩ ሊቆረስ ሲል ራሴን ስቼ ተዘረርኩ። አየር እንዳገኝ ብለው ኮቴን ከፈቱት።

ነጩ ሸሚዜ ከአንገት እስከ ቀበቶ ቀይ ነው!

«ተመታ!» አለ አንዱ።

ተኩስ የሰማ የለም። ግን በዚያ ዘመን ይህን ለማጣራት የሚቆም ሰው አልነበረም። ግማሹ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሙሽራዋ ጮኸች። ግርማ በሠርጉ ቀን እኔን ተሸክሞ በጎረቤት ፒክአፕ ሆስፒታል አደረሰኝ።

ተረኛዋ ነርስ ሸሚዜን በመቀስ ቀደደችው። ቁስል ፈለገች፤ አጣች። ጨርቁን ጨመቅ አድርጋ አሸተተችው።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ «የፈሰሰው ደምህ ሳይሆን የኮትህ ገበር ነው። ውሃ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ግርማ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያለቅስ ነበር። ላስቀው ብዬ «ገበሩ ግን ያምራል» ስለው ጮኸብኝ፦ «ሞተህብኝ ነበር እኮ!»

እዚህ ላይ አልቀልድም።

ባለፒክአፑ ሽርጥና ካናቴራ አዋሰኝና ወደ ድንኳኑ ተመለስን። የባሰው የመጣው እዚያ ነው።

የሙሽራዋ እናት እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። ከዚያ ቀን በፊት አይተውኝ አያውቁም። ግን ሙሾ ሲያወርዱልኝ! «መለሎው! ለጋሱ! አገር የሚኮራበት!»

በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። ላለማቋረጥ ትንሽ ቆሜ ሰማሁ። (እናንተ ብትሆኑ አትሰሙም?)

ኋላ ግርማ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ «እማዬ፣ ይኸው፣ ድኗል» አላቸው።

እንባቸውን ጠርገው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ሽርጡን። ቀጫጭን እግሮቼን። አንገቴ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ።

«ይቅርታ እናቴ» አልኳቸው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ስላልሞተ ይቅርታ የጠየቀ ሌላ ሰው ታውቃላችሁ?