ክቡርነታቸው እና ሁለገቡ ማሽን

ዕቃ ሳይገዛ ስለ ዕቃ የሚራቀቅ ሰው የማይጠፋበት ቤት የለም። የልብስ ሰፊዋ ባል ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸውን በካርታ ነዳፊነት ፈጅተው ጡረታ ሲወጡ ሚሊሜትር የሚለኩበት ነገር አጡና ፊታቸውን ወደ ገበያ አዞሩ። ሚስታቸው በሆዷ “ክቡርነታቸው” ትላቸዋለች፤ ሲብስባት በአፏም።

ነገሩ የጀመረው ከእጇ ነው። ሠላሳ ዓመት መቀስ ያንቀሳቀሰው አንጓዋ አብጦ ሐኪሙ “መክተፍና ማቡካት ይቅርብሽ” አላት። ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ሊጥ የሚያቦካ ሁለገብ ማሽን እንግዛ ስትላቸው ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ወለወሉ።

“እንገዛለን። ግን ሳይጠና አይሆንም።”

እሷ እስከ ቅዳሜ መስሏት ነበር። ጥናቱ አራት ወር ፈጀ።

በከተማው ያልረገጡት የዕቃ ሱቅ አልቀረም። ማሽን ለመሞከር የሻጭ ካሮት ስለማያምኑ የራሳቸውን በኮት ኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ሻጭ “ስምንት ሥራ ይሠራል!” ብሎ አፉን ሞልቶ ቢናገር በጣቱ ያስቆጥሩት ጀመር። ይከትፋል፣ ይፈጫል፣ ያቦካል፣ ይጨምቃል፣ ይፈቀፍቃል፣ እንቁላል ይመታል፣ በረዶ ይሰብራል። ምስኪኑን ላብ አጠመቀው።

“ስምንተኛውስ?”

“ጋሼ… ሲያጠፉት ዝም ይላል።”

“እሱንማ እኔም እችላለሁ” ብለው ወጡ።

ሌላ ቀን የድምፁን ነገር ሊያጣሩ የተኛች የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ሱቅ ገቡ። ማሽኑ ሲነሳ ሕፃኗ ሱቁን በለቅሶ ቀወጠችው፤ ክቡርነታቸው በእርካታ ማስታወሻቸው ላይ “ወድቋል” ብለው ጻፉ። ሌላ ሱቅ ደግሞ ለማጠብ ይመች እንደሆነ ለማየት ማሽኑን አሥራ አንድ ቦታ ፈታቱት፤ መልሶ መግጠሙ ግን ሙያቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሻጮች ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው “ካሮቱ መጡ!” እየተባባሉ ምሳ መውጣት ጀመሩ።

የሚስትየዋ ትዕግሥት ተሟጠጠ። አንድ ማለዳ ቢላዋውን ፊታቸው አስቀመጠች።

“አንተ ሰውዬ፣ ጥናትህ እስኪያልቅ አንተ ትከትፋለህ።”

“በምን ያህል ውፍረት?”

መልሱን ከዓይኗ አነበቡና ሽርጥ ታጠቁ።

በመጀመሪያው ቀን ማስመሪያ ይዘው ሁለት ራስ ሽንኩርት ለመክተፍ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። በሳምንቱ ማስመሪያውን ተዉት። በወሩ ግን ሌላ ጉድ መጣ፤ ወሬ ጀመሩ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበታ ላይ “ጨው አቀብዪኝ” ከማለት ያላለፉት ሰውዬ፣ ጥቅል ጎመን እየከተፉ፣ በመስክ ሥራ ላይ ድንኳናቸውን ነፋስ ስለወሰደባቸው ቀን፣ አምስት ጊዜ አርመው ሳይልኩላት ስለቀሩት የፍቅር ደብዳቤ ያወጓት ጀመር። እሷም እጇን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ እየሰማች፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ጥናቱ ተፈጽሞ ማሽኑ ቤት ገባ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ማሽን ነው፤ ሽንኩርቱን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አደቀቀው።

“አየሽ? በከንቱ አልለፋሁም” አሉና ሽርጣቸውን ፈትተው፣ ጋዜጣቸውን ይዘው ሳሎን ገቡ።

ወጥ ቤቱ ጭር አለ። ልብስ ሰፊዋ ለማሽኑ እንከን ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ደከመች፤ አላገኘችም። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅላ በፎጣ ሸፈነችውና ወደ ሳሎን ተጣራች።

“አንተ! ይሄ ነገር ሽንኩርቱን ውሃ ውሃ አደረገው። ለሰላጣ አይሆንም፤ ና እስቲ።”

ውሸቷን እንደሆነ ከክቡርነታቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አራት ወር አጥንተውታል። ግን ጋዜጣውን ጥለው መጡና ቢላዋውን አንስተው ከጎኗ ቆሙ።

“እኔ እምልሽ፣ እናትሽ መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ምን እንዳሉኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?”

“ኧረ በጭራሽ!” አለች በርጩማውን ወደ እሳቸው እየሳበች።

ሦስት ጊዜ ነግረዋታል።